ግማሽ ስሪንጅ

«የመጨረሻውን ስንት ሰዓት ላይ ነው የሰጠሽው?» አላት ነገሪ፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማ ጎንበስ ብሎ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጋሼ። አሥር ሲል አረፈ።»

ነገሪ ራሱን ነቀነቀ። ማናለብሽን የባሏ የዱሬሳ ታላቅ ወንድም ጥያቄ ከበዳት። ዛሬ የዱሬሳ ሠልስት ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሏታል። የሕመም ማስታገሻውን ሞርፊን በስሪንጅ ለክታ፣ በእጇ አጠጥታ የገደለችው እሷ እየመሰላት ነው።

ዱሬሳ አብነት ሰፈር ውስጥ ሶፋ ሠሪ ነበር። ሠርቶ የጨረሰውን ከማስረከቡ በፊት እሷን ከቤት አስጠርቶ ያስቀምጥበትና፣ እጁን አጣምሮ ፊቷን እያየ «ወገብሽ ምን አለ?» ይላት ነበር። «ይህን ለሰው ከምትሰጥ ለኔ ስጠኝ ይላል» ስትለው ሱቁን በሳቅ ይሞላዋል። ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን እሱ ራሱ መቀመጡም መተኛቱም አልሆንልህ አለው።

ረፋዱ ላይ ቤት እየመጣች ትከታተለው የነበረችው ነርስ፣ ሲፈን፣ ለቅሶ ደረሰች። ማናለብሽ አጠገቧ እንዳስቀመጠቻት መታገሥ አቅቷት «መድኃኒቱ ይሆን የገደለው?» ስትል የሆዷን ጠየቀቻት። ነገሪም ጆሮውን ጣል አደረገ።

ሲፈን መጠኑን ደጋግማ አጣራች። «ሳምንቱን ሙሉ የሰጡት ያንኑ ያልኩዎትን መጠን ከሆነ፣ እሱ አልገደላቸውም እትዬ። በሽታው ነው። ለመሆኑ ተኝተው ነበር?»

«ተጋድሞ ተኛ። አንድ ቀን ነቃና ‹ይሄን ፍራሽ የሠራው ሰው ሌባ ነው፤ ጥጡን በልቶታል› አለኝ።» ሳታስበው ፈገግ አለች።

ሲፈንም ሳቀች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጠርሙሱ አልጎድል ማለቱን አይቼ ሙሉውን ስሪንጅ ይስጡ ባልልዎት ኖሮ፣ ይቺን የተኙባትንም ሳምንት አያገኟትም ነበር። ለምንድን ነው ከዚያ በፊት ወሩን ሁሉ ግማሽ ስሪንጅ ሲሰጧቸው የከረሙት?»

ነገሪ አንገቱን ደፋ። ሱስ ይሆንበታል፣ ልቡን ያደክመዋል፣ ግማሹ ይበቃዋል ብሎ የመከራት እሱ ነበር። በየቀኑ እየመጣ ሲያየው ዱሬሳ ታላቁ ፊት አያቃስትም፤ እሱም መድኃኒቱ የበቃው መስሎት እፎይ ብሎ ይሄዳል።

ማናለብሽ ነገሪን አየችው። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞረች።

«ፈርቼ ነው ልጄ» አለች። «እኔ ነኝ የፈራሁት።»

ምሳ ሲቀርብ አንዲት የእድር ሴት የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። ነገሪ ብድግ ብሎ ማንቆርቆሪያውን ተቀበላት። ያ ሰው ሁሉ የሚነሣለት ሽማግሌ ከወንድሙ ሚስት ፊት በርከክ አለና ውሃውን ቀስ አድርጎ ያፈስላት ጀመር።

ማናለብሽ ሁለት እጇን ዘረጋች።