ቡሻይብ ያሰናዳው ትርኢት

ቡስቢር በሚባለው፣ ገላ ሻጮች በሚታጎሩበት ግንብ ውስጥ የምንኖር ሴቶች ወደ ካዛብላንካ ከተማ የምንወጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ያውም የፈቃድ ወረቀት ይዘን። የጎረቤቴ የኢቶ ቀን ሐሙስ ነበር። ያን ሐሙስ ከተማ ውስጥ ልጇን የምታሳድግላት ሞግዚት የአራት ዓመቷን ልጅ ይዛ በቀትሩ አውቶቡስ ጠቅልላ ማራካሽ ልትገባ ነው። ኢቶ ካልደረሰች ልጇን ዳግም ማየቷ እንጃ።

ጀላቢያዋን ለብሳ ልትወጣ ስትል አስጎብኚው ቡሻይብ ከመርከብ የወረዱ ፈረንጆችን እየነዳ ገባ። ወረቀቷን ከእጇ መንጭቆ ኪሱ ከተተው።

«መጀመሪያ ጨፍሪ።»

«ጌታዬ ቡሻይብ፣ ልጄ እየሄደችብኝ ነው።»

«እንግዶቼም ሊሄዱብኝ ነው። ቶሎ በያ።»

ጨፈረች። ከበሮውን የምመታው እኔ ነኝ፤ ቶሎ እንዲያልቅላት አጣደፍኩት። ስትጨርስ እጇን ዘረጋች። አንዱ ፈረንጅ ግን ካሜራውን እያስተካከለ በጣቱ ወደ ልብሷ ጠቆመ።

«አውልቂ» አላት ቡሻይብ።

«ወረቀቴን ስጠኝ።»

በጥፊ አጩሎ ጣላት። ስትነሳ ደገማት፤ ከንፈሯ ተተረተረ። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቶ ዓይኗ እያየ ቀደደው። እሷም እሳት ላይ የተጣደውን የሻይ ማንቆርቆሪያ አንስታ ፊቱ ላይ ደፋችው። ጩኸቱን ሰምተው የገቡት ዘበኞች በቆመጥ ቀጠቀጧት፤ ክንዷ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁ።

እነዚያ ጉደኛ ፈረንጆች አጨበጨቡ። የትርኢቱ ክፍል መስሏቸዋል። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም ሳንቲም ወረወረችላት። ኢቶን በፀጉሯ ጎትተው እስር ቤት ወሰዷት።

በሦስተኛው ሳምንት ቡሻይብ ግማሽ ፊቱን በፋሻ ጠቅልሎ መጣ።

«ፈረንጆቹ ወደውታል» አለኝ። «ከእንግዲህ አንቺ ትሠሪዋለሽ፤ በቀዝቃዛ ውሃ። እኔም ቀስ አድርጌ ነው የምመታሽ።»

ልተፋበት ምራቄን ሰብስቤ ነበር። ግን ወረቀት የሚሰጡት ሰዎች ወዳጆቹ ናቸው፤ የእኔ የመውጫ ተራ ደግሞ ከታገደ ወር አልፎታል።

«መውጫ ካወጣህልኝ» አልኩት።

ሠራሁት። ቀስ አድርጎም አልመታኝ። አጨበጨቡልኝ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

በዚያ ወረቀት ወጥቼ ሞግዚቲቱ ሰፈር ሄድኩ። ቤቱ ተዘግቷል። ጎረቤቷ «ልጅቷ እናቴ ሳትመጣ አልሄድም ብላ የአውቶቡሱን በር ሙጭጭ አድርጋ ያዘች» አለችኝ። «ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀው ነው ያስገቧት።»

ኢቶ ስትፈታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ልጇ ነው።

«ተኝታ ነው አሉ የሄደችው» አልኳት።