የ«ዝገት» ስድስተኛ ዘፈን

ሰላሁዲንን ያን ቀን የደከመው ጉልበቱ ብቻ አልነበረም፤ ጆሮውም ደክሞት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የሚሸጣቸውን ስፒከሮች ሲሰካና ሲነቅል፣ ገዢውን «ቤዙን ስማው እስቲ» ሲል ነው የዋለው። ገዢው ደግሞ ሰምቶ ሰምቶ «ዞሬ እመጣለሁ» ይልና ይሄዳል። መርካቶ ዱባይ ተራ ውስጥ «ዞሬ እመጣለሁ» ብሎ ዞሮ የመጣ ሰው እስካሁን አልታየም። ሰላሁዲን ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ መናደዱንም ከተወው ቆይቷል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ይቺው ሱቅ የአባቱ ካሴት ቤት ነበረች፤ በሯ ላይ የተሰቀለችውን ስፒከር የሚያዝባት ደግሞ እሱ። አዲስ ካሴት ሲመጣ ይከፍትና የመንገደኛውን ፊት ሳይሆን እግሩን ያያል። ጆንያ የተሸከመ ሰው እርምጃውን ከዘፈኑ ጋር ካስማማ ካሴቱ ይሸጣል። ካላስማማ ደግሞ ለዘፋኙ ፊት ለፊት «ወንድሜ፣ ይሄ አይሆንም» ይለዋል። ዘፋኞቹ ምላሱ ኮሶ ነው እያሉ ያሙት ነበር። ቢያሙትም ካሴታቸውን ይዘው መጀመሪያ የሚመጡት እሱው ጋ ነበር።

አሁን ካሴትም የለ፣ ፍርድም የለ። እንግዲህ ከአስር ሰላት ተመልሶ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ነው ሰብሐት ፍላሽ በእጁ ይዞ ከች ያለው።

ሰብሐት አብሮ አደጉ ነው። ምናለሽ ተራ በርሜል እየቀጠቀጠ ምድጃ ሲሠራ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው። እሁድ እሁድ ደግሞ ድራም ይመታል። የሚመታው ሠርግ ላይ እንዳይመስላችሁ፤ ትራሽ ሜታል ነው። ያ ድሮ ከካሴት ካሴት እየተገለበጠ እነሱ እጅ የገባው፣ ጊታሩ እንደ ብረት መቁረጫ ግራይንደር የሚጮኸው፣ ድራሙ ጅብ እንዳባረረው ሰው የሚሮጠው ሙዚቃ። ሰፈሩ «ይሄ ሰውዬ ለየለት» ብሎ ትቶታል። እሱ ግን አልተወም፤ ጊታር ከሚጫወተውና ከሚዘፍነው ከቢኒ ጋር ሆኖ ስምንት ዘፈን ቀድቶ አረፈው። አልበሙን «ዝገት» ብሎታል።

«ስማውና ፍረድ» አለው ሰብሐት፣ እንደ ሰሞኑ አመሉ ከልክ በላይ እየጮኸ። «ስቱዲዮው ያለበት ቤት ሰኞ ይፈርሳል። ነገ ግማሽ ቀን ሰጥተውናል፤ ደግመን መቅዳት የምንችለው አንድ ዘፈን ብቻ ነው። የትኛው ይሁን?»

«ቢኒን አትጠይቀውም?»

«ቢኒማ ሁሉም አሪፍ ነው ይለኛል።» ሰብሐት ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ሐኪሙ ጆሮህ እየሄደ ነው፣ ከመዶሻውና ከድራሙ አንዱን ተው አለኝ። መዶሻውን ብተው ልጆቼ ምን ይበላሉ? ስለዚህ ከነገ ወዲያ ድራም የለም። የሚቀረኝ ይሄ ብቻ ነው፣ ሰላሁ። እንከን እንዲኖርበት አልፈልግም።»

ሰላሁዲን ፍላሹን ትልቁ ስፒከር ላይ ሰካና ስፒከሩን እንደ ድሮው ወደ በሩ አዞረው።

የመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ የለው፣ ሰላምታ የለው፤ በሩን በርግዶ እንደሚገባ ሰው ነው የጀመረው። ከፊት ለፊት ሻርፕ የምትሸጠው ሀጅራ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ሰላሁዲን፣ ቆርቆሮ ነው የምታራግፉት?»

«አልበም ነው።»

«አላህ ይቅር ይበላችሁ» ብላ ተመለሰች። ሰላሁዲን ግን ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። ካርቶን የተሸከመ አንድ ጎልማሳ እግሩን ፈጠን ፈጠን ሲያደርግ አየ። ስንት ዓመት ሙሉ ያላየው ነገር ነው።

እስከ አምስተኛው ድረስ እንዲሁ መንገዱን እያየ ሰማ። ስድስተኛው መጣ። ስሙ «ምናለሽ» ነው፤ ከሁሉም ፈጣኑ። አጀማመሩ ደህና ነበር። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ግን ድራሙ ከጊታሩ መራቅ ጀመረ። ብዙም አይደለም፤ ደረጃ ላይ ሸክም ይዞ ጓደኛውን መከተል እንዳቃተው ሰው ያህል ነው። ዘፈኑ እስኪያልቅም አልደረሰበትም።

ሰላሁዲን ቀና ብሎ ጓደኛውን አየው። ሰብሐት መዳፉን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ ደስ ብሎታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ይሄኔ ነው። ቢኒ ያውቃል፣ የቀዳቸው ሰውዬ ያውቃል፣ አሁን ደግሞ ሰላሁዲን አወቀ። የማያውቀው የመታው ሰው ብቻ ነው።

ስምንቱም አለቀ።

«እህስ?» አለ ሰብሐት፣ ጠጋ ብሎ አፍ አፉን እያየ።

«ጊታሩ እንደ ምላጭ ይቆርጣል» አለ ሰላሁዲን። «ደግሞ በኮምፒውተር አጥባችሁ አላሳሳችሁትም፤ ሻካራነቱ ደስ ይላል። ግጥሙም የራሳችን ነው፤ የፈረሰ ቤት፣ ወረፋ፣ አቧራ። የናንተን ድፍረት በዚህ ዕድሜ የሚያገኘው የለም።»

«ጉድለቱን ንገረኝ።»

«ቢኒ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጮሃል። ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው፤ የቱ የት እንዳለቀ አላወቅኩም። ቤዙ አለ እንዴ? እኔ አልሰማሁትም። አዲስ ነገር ፈልጎ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ምንም አዲስ የለውም፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የሰማነው ነው።»

ሰብሐት ሳቀ። «እሱንማ ፈልገን ነው። ስድስተኛውስ? እኔ ነፍሴ ያለችው እዛ ላይ ነው።»

ሰላሁዲን አፉን ከፈተ። ድሮ ቢሆን ዱብ ያደርገው ነበር። ዛሬ ግን ደክሞታል፤ የአብሮ አደጉን ልብ የሚሰብርበት አቅም አጣ።

«እሱማ አይነካ» አለ። «ሦስተኛውን ድገሙት። ቢኒ ዝቅ አድርጎ ይሞክረው።»

ሰብሐት ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ፣ ጓደኛውን ግጥም አድርጎ አቀፈውና ወጣ። ሀጅራ በዓይኗ ሸኘችው።

«ምን ብለኸው ነው እንደ ሙሽራ የሚሄደው?»

ይሄን ስትለው ሰላሁዲን አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። አልበሙ ነገ ያልቃል፣ ስህተቱም እዛው ታትሞ ይቀራል። የሰማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰብሐት ብቻ እስኪሞት ድረስ ይኮራበታል። በሩ ላይ ቆመና ተጣራ።

«ሰብሐት!»

ሰብሐት መንገዱን ቀጠለ። ሰላሁዲን ደግሞ ጠራው፤ ለሦስተኛ ጊዜም በሙሉ ድምፁ ጠራው። ሻጩም፣ ገዢውም፣ ካርቶን የተሸከመውም ዞሮ አየው። ያልዞረው ሰብሐት ብቻ ነበር።

ሀጅራን «ሱቁን እዪልኝ» ብሏት በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ሰዉን እየገፋ ተከተለው። መታጠፊያው ላይ ደርሶበት ክንዱን ያዘና ወደ ራሱ አዞረው።

«ዋሸሁህ» አለው፣ ከንፈሩን እንዲያይለት ቀስ ብሎ። «ስድስተኛው ላይ ድራሙ ወደ ኋላ ይቀራል።»

«ከየት ጀምሮ?» አለ ሰብሐት።

«ከሁለተኛው ደቂቃ።»

«እስከየት?»

«እስከ መጨረሻው።»

ከኋላቸው አንድ ተሸካሚ «መንገድ፣ መንገድ» እያለ መጣ። ሰብሐት አልተንቀሳቀሰም፤ ሰላሁዲን ነው ስቦ ከመንገዱ ያወጣው።

«ሌሎቹስ ላይ?»

«ሌሎቹ ላይ አንተን የሚያክል የለም። ወላሂ።»

ሰብሐት እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ፊቱን ለረጅም ጊዜ መረመረው። ከዚያ ትከሻው ወረደ።

«ነገ አንተው ደግመህ ምታው» አለው ሰላሁዲን።

«በምን ጆሮዬ? ስንቀዳም ጊታሩን በሄድፎኑ የምሰማው እየመሰለኝ ነበር፤ ለካ በግምት ነው የመታሁት።» የቆረፈደ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ጊታሩ እንዳለ ይቀመጥ፤ ድራሙን ቢኒ ይምታው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ አያሳፍረኝም።»

ሰላሁዲን የያዘውን ክንዱን ለቀቀ።

«አንተ ግን ና» አለ ሰብሐት፣ መሬት መሬት እያየ። «ቢኒ እኔን ደፍሮ አይናገርም። እሱ ሲመታ አጠገቤ ቁምና ልክ ከሆነ ትከሻዬን ያዝ አድርገኝ። እኔ አልሰማውም።»

«በስንት ሰዓት ልምጣ?» አለው ሰላሁዲን።

ሰብሐት አልሰማውም፤ አሁንም መሬት መሬት እያየ ነበር። ሰላሁዲን እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈና ቀና ሲልለት ደግሞ ጠየቀው።