ከሰንጠረዡ የጎደለው ቤት

«አራተኛው ቤት ሰኞ ይዘጋል» አለ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ እንደ ቆመ። «ዶሮዎቹ ይሸጣሉ፤ ተንከባካቢዋም ትሰናበታለች። ሪፖርትሽ ጥሩ ነበር፣ ጎበዝ።»

የዶሮ እርባታው የመረጃ ባለሙያ ወንበሯ ላይ ደርቃ ቀረች። ያደረቃት ምስጋናው ነው። አራተኛውን ቤት የምትይዘው አክስቷ ናት፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት፣ ዛሬም ድረስ ምሳ በላሽ ወይ እያለች የምትነዘንዛት አክስቷ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። ልጅቱ ስትቀጠር «በዘመድ ገባች እንዳይሉሽ፣ ዝም በይ» ያለቻት ራሷ አክስቷ ነበረች።

በሩ እንደተዘጋ ፋይሉን ከፈተች። እንቁላል ለምን እንደቀነሰ ያጠናችበትን ሪፖርት ባለፈው ሳምንት ስታስረክብ አንዴ እንኳ መለስ ብላ አላየችውም ነበር፤ የሰው እንጀራ ሊቆረጥ መሆኑን አላሰበችማ። የራሷ ሰው ሲሆን ግን እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። በዚህም በራሷ አፈረች።

ስህተቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። የዶሮዎቹን ዕድሜ፣ የመኖውን መጠንና ሙቀቱን እያንዳንዱ ነገር እንቁላሉን ምን ያህል እንደሚለውጥ ወደሚለካው ስሌት፣ ወደ ሪግሬሽኑ ስታስገባ፣ በየቤቱ በር ላይ በቀለም የተጻፈውን ቁጥርም እንዳለ አስገብታዋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ኮምፒውተሩ ደግሞ የበር ቁጥር ስም መሆኑን ከየት ይወቅ? እንደ መኖ ኪሎ ቆጠረው። «የቤቱ ቁጥር በአንድ ሲጨምር እንቁላል ይቀንሳል» አለና ትልቁን ጥፋት በመጨረሻው ቤት ላይ ጫነ። ቀለም ቀቢው ቁጥሮቹን አቀያይሮ ጽፏቸው ቢሆን ኖሮ ውጤቱም አብሮ ይቀያየር ነበር። ዩኒቨርሲቲ እያለች ይህንኑ በሳተ ጓደኛዋ ላይ ስቃ ነበር፤ ሳቁ ዞሮ መጣላት።

አሁን እንደ ደንቡ ሠራችው። ደሚ የሚባሉትን ዓምዶች ከፈተች፤ እንቁላሉ የዚያ ቤት ከሆነ አንድ፣ ካልሆነ ዜሮ። ለአራት ቤት ሦስት ዓምድ ይበቃል፤ አንዱ ቤት መነሻ ሆኖ ይቀራል፣ ሌሎቹም ከእሱ ጋር ይነጻጸራሉ። መነሻ ያደረገችው አራተኛውን ነው። ለምን እሱን እንደመረጠች ራሷን አልጠየቀችም። የወደቀው ሦስተኛው ቤት ሆኖ ተገኘ፣ ያውም በብዙ ርቀት። ወረቀቱን አትማ ወደ ግቢው ወጣች።

አክስቷ እንቁላል እየለቀመች ነበር። የማራገቢያው ድምፅና የዶሮዎቹ ጩኸት ተደባልቆ ካልተጠጋጉ በቀር አያሰማም።

«ሊዘጉት ነው አሉ» አለች አክስቷ፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ። «አንቺ ምሳ በላሽ?»

«ተሳስቼ ነው እቴቴ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይኸው እይው።»

አክስቷ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለች። «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ... የኔስ? ሰኞ ሳይደርስ ሰረዛችሁኝ?»

«አልተሰረዝሽም። አንቺ መነሻ ነሽ። ሌሎቹ ካንቺ ስንት እንደሚበልጡ፣ ስንት እንደሚያንሱ ነው የሚያሳየው።»

«ሌላ ቤት መነሻ ማድረግ አይቻልም?»

«ይቻላል። በቤቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ያው ነው፤ አይለወጥም።»

«አንደኛውን ብታደርጊው የኔ ስንት ይሆናል?»

«ትንሽ ይቀንሳል። ግን በጣም ትንሽ ነው፤ በአጋጣሚም የሚመጣ ዓይነት። ብቻ የቅናሽ ምልክት ይኖረዋል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ያቺን ጭረት ካየ ሌላ አያይም።»

«ደበቅሽኝ በይኛ!» አክስቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። «የሦስተኛው ሰውዬ ሰነፍ አይደለም። ከኔ ቀድሞ ነው ጠዋት የሚገባው። አደራሽን፣ እኔን አውጥተሽ እሱን እንዳትከቺው።»

«ቁጥሩ የትኛው ቤት እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። የእንስሳት ሐኪሙ ይመርምረው ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ዘመዷን አዳነች ቢሉሽስ?»

«ይሉኛል።»

«እንግዲህ...» አለች አክስቷ። የሞላውን የእንቁላል ትሪ አስያዘቻት። «በይ፣ ስትሄጂ መጋዘን አድርሽልኝ። እንዳትሰብሪብኝ ደግሞ፤ አንቺ ዘንድ ጥንቃቄ የለም።»

ትሪውን እንደ ሕፃን አቅፋ ግቢውን አቋረጠች። ፈርታለች። አክስቷ ሥራዋን ብታጣ በዚህ ዕድሜ ሌላ የሚቀጥራት የለም፤ ወረቀቱ ደግሞ አሁን እንዳለ ቢሄድ ማንም ምንም አይልም። ስሌቱ ትክክል ነው። ውሸት የለበትም። አራተኛው ቤት ብቻ አይታይም።

ቢሮዋ ገብታ ተቀመጠች፤ አንደኛውን ቤት መነሻ አደረገችው። አራተኛው ቤት ከነቅናሽ ምልክቱ የራሱን ረድፍ ይዞ ብቅ አለ። ከሰንጠረዡ በላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ባለፈው ሪፖርት የቤቶቹን ቁጥር እንደ መጠን ቆጥሬ ተሳስቻለሁ። ሦስተኛው ቤት በሐኪም ይታይ፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ማንም አይሰናበት። የአራተኛው ቤት ተንከባካቢ አክስቴ ናት፤ ስለዚህ ስሌቱን ሌላ ባለሙያ ይመርምረው።»

በኢሜይል መላክ ይቀላት ነበር። አትማ ይዛው ተነሣችና የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳች።

«አቤት» አለ ከውስጥ።

«ስለ አራተኛው ቤት ነው» አለችና ገባች።