ገንዳ ውስጥ የቀረው አኻያ

«ዲምፍና፣ ገንዳችሁ ውስጥ የተጋደመው ምንድን ነው? እባብ መስሎኝ ቀሚሴን ሳልሰበስብ ልወጣ ነበር!»

አሰምፕታ፣ የሟቹ የፈርጋል እህት፣ ከመታጠቢያ ቤት እየወጣች ነው። ሳሎን ውስጥ ክዳኑ ተነሥቶ የተቀመጠውን የሬሳ ሳጥን የከበቡት ጎረቤቶች ሳቃቸውን በሻይ ስኒያቸው ደበቁ።

«አኻያ ነው፣ የቅርጫት ልምጭ» አለች ዲምፍና። «ፈርጋል የዘፈዘፈው።»

«ልጣለው? ነገ ከቀብር መልስ አገሩ ሁሉ እዚህ ነው የሚመጣው። ደግሞ መሽተት ጀምሯል።»

«አይጣልም።»

«እሺ እመቤቴ፣ አልነካውም። ሻይ ልቅዳልሽ?»

«አልፈልግም።»

ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሻይ እምቢ ብላለች። በዚህ የአየርላንድ ጠረፍ ለቅሶ ቤት ሻይ እምቢ ማለት መጣላት ነው የሚመስለው፤ እንግዳው ሁሉ በየተራው ስኒ ይዞላት ይመጣል፤ ስኒው ፊቷ ይቀዘቅዛል። እንባም አልወጣትም። በሩ ሥር የቆሙት ሴቶች «ድንጋይ ሆናለች እኮ» ይንሾካሾካሉ።

ፈርጋል የአምቡላንስ ስልክ ተቀባይ ነበር። ቀኑን ሙሉ የማያውቃቸው ሰዎች ጆሮው ላይ ይጮሃሉ። እሱ በለሰለሰ ድምፅ «እየሰማሁሽ ነው፣ ደረቱን ተጫኚ፣ እንዳታቆሚ» ይላል። መኪናው ሲደርስ መስመሩ ይቋረጣል፤ ሰውየው ይትረፍ ይሙት አይሰማም። ቤቱ ሲገባ ሰላም እንኳ ሳይል በጓሮ ወደ ዕቃ ቤቱ ያልፍና ቅርጫት ይሠራል። ዲምፍና ከኩሽናው መስኮት ታየዋለች። ሲጀምር ትከሻው ጆሮው ሥር ተሰቅሏል፤ የቅርጫቱ ጎን ከፍ ባለ ቁጥር ትከሻው ዝቅ ይላል። ከዚያ የጓሮውን በር ገፋ አድርጎ «ሻይ አለ?» ይላል። ለእሷ ባሏ ከሥራ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ተናዳ «ከእኔ ልምጭ ይሻልሃል?» አለችው።

«ልምጭ ሲሰበር አይጮህም» አላት።

ከዚያ ወዲያ ዕቃ ቤቱን ረግጣው አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ካሃል መጣ፤ ፈርጋልን ቅርጫት ሥራ ያስተማረው ሽማግሌ። እጁን ሟቹ ግንባር ላይ አሳርፎ ጸለየና ስለ ገንዳው ሲሰማ ሊያይ ሄደ። አንዱን ልምጭ ጣቱ ላይ ጠመዘዘው።

«ዛሬ ካልተሠራ ነገ ልጣጩ መላላጥ ይጀምራል። የጀመረው ነገር አለ?»

ዲምፍና ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ የቅርጫት መቀመጫ አገኘች፤ ክብ፣ ጎን ያልወጣለት። ይዛው ተመለሰች።

«ምን ሊያደርገው ነበር?» አለ ካሃል።

«እኔ እንጃ። ጠይቄው አላውቅም።»

«እንግዲህ እኛ ያልነው ይሆናላ። እሱም ዛሬ አይከራከረን።»

ሬሳ እስኪቀበር ብቻውን አይተውምና ሁለቱም ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጡ። ከልምጩ ውኃ ይንጠባጠባል።

«ኧረ ምንጣፉ!» አለች አሰምፕታ።

«ይደርቃል፣ አንቺ ልጅ። ዞር በይልን» አለ ካሃል።

ካሃል የሚቆሙትን ልምጮች ሰካ። ዲምፍና በአንዱ ፊት፣ በሌላው ጀርባ እያሳለፈች ጀመረች። እጇ ይቸኩላል።

«ቀስ! ዓሣ እየጎተትሽ አይደለም።»

አንዱ ልምጭ ቀጭ አለ። ዲምፍና እጇን አነሣችና፣ ጩኸት እንደሚመጣ ሁሉ፣ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። የተሰበረውን አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችና ሌላ አነሣች።

ጎኑ አንድ ጣት ያህል ወጣ፤ ከዚያ አንድ እጅ ያህል። ሰዉ ወሬውን ቀጠለ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ በግ ዋጋ። ትከሻዋ ዝቅ ማለቱን ያየች አሰምፕታ ብቻ ናት። የዲምፍና ጉንጭ ረጥቧል፤ እጇ ግን አልቆመም።

ከዚያ፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሣ፣

«ሻይ አለ?» አለች።

አሰምፕታ ማንቆርቆሪያውን ለማንሣት ስትሮጥ ከወንበር ጋር ተጋጨች። ማንም አልሳቀም። ዲምፍና ስኒውን በእርጥብ እጇ ተቀብላ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችው።