የአሥራ ሁለተኛው ጠመንጃ እንጨት

አቶ ተስፋዝጊ በዓይናቸው ያላዩትን ጠመንጃ በደብተራቸው አይጽፉም። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ግን ጻፉ። «፲፪» ብለው በቀለም አሰፈሩ፤ ጎኑን ባዶ ትተው ደብተሩን በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።

ደብተሩ የአሥራ አራት ዓመት ሥራ ነው። እንጨታቸው ከሰደፉ ተነሥቶ እስከ አፈሙዙ ጫፍ የሚደርስ አሮጌ የአደን ጠመንጃዎች ብቻ ይመዘገቡበታል። የሙያው ሰዎች «ባለ ሙሉ እንጨት» ይሏቸዋል። ሲጀመርም የተሠሩት ጥቂት ናቸው፤ ረጅሙን እንጨት ደግሞ ዝናብ ያጣምመዋል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ባለቤቱም ተሰላችቶ በመጋዝ ያሳጥረዋል። ኬንያ ውስጥ አደን ከተከለከለ ወዲህ የተረፉት በአሮጌ ፈረንጆች ቁም ሣጥን ውስጥ ቀርተዋል። አቶ ተስፋዝጊ እስከ ናኩሩና ናንዩኪ በአውቶቡስ እየሄዱ፣ የመበለቶቹን ሻይ እየጠጡ፣ ብሎን ፈትተው ከእንጨቱ ሥር ያለውን ቁጥር ይገለብጣሉ። ኦስትሪያ ላለ ፋብሪካ ለጻፉት ደብዳቤ የመጣው መልስ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሞምባሳ በኩል አሥራ ሁለት ባለ ሙሉ እንጨት መላኩን ይናገራል፤ ቁጥራቸውን ግን አይዘረዝርም። አሥራ አንዱን አገኙ። አሥራ ሁለተኛውን ስድስት ዓመት ፈለጉት።

ሐሙስ ዕለት ዘካርያስ ደውሎ «ጋሽዬ፣ ተገኘ» ሲላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ዘካርያስ አሮጌ መሣሪያ ከየእርሻ ቤቱ ለቅሞ፣ በአንድ ባለ ፈቃድ መደብር በኩል ለሰብሳቢዎች የሚሸጥ፣ አፈ ቅቤ ሰው ነው። ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ ናይሮቢ ያሉ አንዳንድ ኢትዮጵያውያን «ኤርትራዊ ነው» ብለው አቶ ተስፋዝጊን ሰላምታ ሲነፍጓቸው፣ እሱ ነበር በየቅዳሜው ፓርክላንድስ ሰፈር ካለው የእንጨት ሥራ ቤታቸው ብቅ የሚል። ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ባለችው በርጩማ ይቀመጣል። እሱ ጴንጤ ነው፣ እሳቸው ኦርቶዶክስ፤ በጾማቸው ይቀልድባቸዋል፣ በመዝሙሩ ይቀልዱበታል። ለማንም ያላሳዩትን ያሳዩት ለእሱ ነው፤ በሚሠሩት የጠመንጃ እንጨት ሁሉ፣ ብረቱ በሚተኛበት ቦይ ውስጥ፣ በቢላ ጫፍ ትንሽ «ተ» ይቀርጻሉ።

«ማንም የማያየው ነገር ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

«አዲሱን ከአሮጌው የሚለይ አንድ ነገር ይኑር ብዬ ነው።»

ቅዳሜ በመኪናው መጥቶ ወሰዳቸው።

«ክራቫት! ሽምግልና ተልከናል እንዴ?» አለ፣ በጊጊሪ በኩል ወደ ሩንዳ፣ ወደ ገዢው ቤት እየነዳ።

«ስድስት ዓመት ያስጠበቀኝን ልቀበል ነው።»

«ዴንማርካዊው የፓርክላንድሱ ፉንዲ፣ አናጢው፣ ካልመሰከረልኝ አልገዛም ብሏል። በእንጨት ሥራ ናይሮቢ የሚያምነው እርስዎን ብቻ ነው።»

«አይቼ እናገራለሁ።»

«እሱማ አውቃለሁ» አለና ሬዲዮውን ከፈተ።

ዴንማርካዊው ጊጊሪ ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጠመንጃው በመስኮቱ ሥር፣ በጠረጴዛ ላይ፣ በአረንጓዴ ብርድ ልብስ ተኝቷል። እንጨቱ የከረመ ማር መስሏል። አቶ ተስፋዝጊ ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ መፍቻቸውን አውጥተው ብሎኖቹን ፈቱና ብረቱን አነሡት።

የተልባ ዘይት ሸተታቸው። የስድሳ ዓመት እንጨት እንዲህ አይሸትም።

መነጽራቸውን አድርገው ወደ ቦዩ አጎነበሱ። ከመካከሉ ከፍ ብሎ፣ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ከሌላው ይልቅ ለስልሳና ጎድጉዳ አገኙ። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቃለች። ከእሷ ዝቅ ብሎ አንድ ክብ የእንጨት ውታፍ አለ። ያን ውታፍ ያውቁታል። እንጨቱ ከተዘጋ የፈረንጆች ክበብ የመጣ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ጠርዝ ነበር፤ ብሎን ያለፈበትን ቀዳዳ የደፈኑት በእጃቸው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ዘካርያስ እንጨቱን ምስጥ የበላው ጠመንጃ አምጥቶ፣ «ባለቤቱ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው፤ ሙሉ እንጨት ያምርለታል» ብሏቸው ነበር። ሁለት ወር ለፉበት። ቁጥሩን ግን አልመዘገቡም። ደብተራቸው ከፋብሪካው ሙሉ እንጨት ሆኖ ያልወጣ ጠመንጃ አይቀበልም።

ውታፉን ብቻ አይተው ቢሆን ጠመንጃው በሌላ ሰው በኩል ዞሮ መጥቶ ዘካርያስንም አታሎታል ባሉ ነበር። ነገር ግን «ተ» ያለችበትን ቦታ የሚያውቅ ከእሳቸው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ምልክቴ የት ሄደች?» አሉ በአማርኛ።

ዘካርያስ ለዴንማርካዊው ፈገግ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽዬ፣ ሰውየው ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ደስ ይለዋል። እርስዎም አሥራ ሁለተኛዎን ያገኛሉ። ማን ተጎዳ?»

«የማላውቀው መስሎህ ነው ያመጣኸኝ?»

«ሥራዎንማ እንደሚለዩት አውቃለሁ። ዝም ይሉልኛል ብዬ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ፊቱን ሲያዞርብዎ ማን ነበር የሚመጣው?»

ዘካርያስ አምስት ዓመት በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ እጃቸውን እንዴት ያይ እንደ ነበር ታወሳቸው። አንድ ቀን ሊማር ፈልጎ እንደ ሆነ ጠይቀውት ነበር። ስቆ ነበር።

«እንግዲህ?» አለ ዴንማርካዊው በእንግሊዝኛ። «እሱ ነው?»

ሰንጢያቸውን ከኪሳቸው አወጡ። እንጨቱን በግራ እጃቸው ደግፈው፣ በተፋቀችው ቦታ ላይ «ተ»ን እንደገና ቀረጹ። አልቸኮሉም። ከሥሯ የሠሩበትን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር 1993 ብለው ጨመሩ። ዘካርያስ አንድ እርምጃ ቀረበና ቆመ። ብናኙን እፍ ብለው እንጨቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

«ብረቱ አሮጌ ነው» አሉ ባለቻቸው እንግሊዝኛ። «እንጨቱ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ነበረ። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ዴንማርካዊው ፊደሏን አየ፤ ዘካርያስን አየ። ብርድ ልብሱን በብረቱ ላይ አጠፈበት።

«ጥሩ ሥራ ነው» አላቸው ለአቶ ተስፋዝጊ። ያንኑ ደገመው።

በሩ ላይ ዘካርያስ ደረሰባቸው። «ይግቡ፣ ላድርስዎ። ፀሐዩ ከባድ ነው።»

አልፈውት ሄዱ። ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ እስከሚያገኙበት መንገድ ድረስ በእግራቸው ወረዱ። ወንበር ሲያገኙ ደብተሩን አወጡ። «፲፪» በቀለም ተጽፋለች፤ አትጠፋም። ማታቱው እያንገጫገጫቸው ከጎኗ «አልታየም» ብለው ጻፉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት የተልባ ዘይቱን ቆርቆሮ ከመሬት አንሥተው በርጩማዋ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ቦታው የዘይቱ ሆነ።