ጋሽ ፈቃደና የሚጮኸው ፈረንጅ

ጋሽ ፈቃደ ልደታ ፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ሆነው ኖረው ጡረታ ወጡ። ሥራቸው «ጸጥታ!» ማለት ነበር። ሚስታቸው ወይዘሮ የሻረግ እንደሚሉት፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ዝም ሲያሰኙ ኖረው በመጨረሻ ራሳቸውም ዝም አሉ። ቤት መዋል ከጀመሩ ወዲህ ከ«እህ» እና ከ«ይሁን» በቀር ከአፋቸው የሚወጣ ነገር ጠፋ። ናዝሬት የምትባለው ልጃቸው አግብታ ሐዋሳ ከሄደች በኋላማ ቤቱ ውስጥ የሚያወራው ቴሌቪዥኑ ብቻ ሆነ።

አብነት ሰፈር ባለው ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤቷን የተከራየ ዮፍታሔ የሚባል ልጅ አለ። ሜክሲኮ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ነው። ሲገባም ሲወጣም ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል፣ ኮሽታ የማይሰማበት ጨዋ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ከክፍሉ የሚታረድ ሰው ጩኸት ተሰማ።

ጋሽ ፈቃደ ከዘራቸውን ይዘው ሮጡ። በሩን በርግደው ሲገቡ ዮፍታሔ አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል። የሚጮኸው ስፒከሩ ነው።

«ማነው እሱ?» አሉ ጋሽ ፈቃደ።

ልጁ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «ይቅርታ ጋሼ! የጆሮ ማዳመጫዬ ተበላሽቶብኝ ነው። ሙዚቃ ነው።»

«ይሄ?»

«ብላክ ሜታል ይባላል። ይሄኛው ትንሽ ጎቲክ የሚሉት የሐዘን ዜማም አለበት።»

ጋሽ ፈቃደ ከዘራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?»

ዮፍታሔ እስከዛሬ «አጥፋው» የሚለው እንጂ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከልቡ አሰበበት። «ጫካ ውስጥ ነው። ብቻውን ነው። በረዶ እየጣለ ነው።»

«ታዲያ ለምን ቤቱ አይገባም?»

ልጁ የአልበሙን ሽፋን በስልኩ አሳያቸው። ጉም የሸፈነው ጫካ፣ መሐሉ ላይ ጣሪያው የወደቀ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን።

«እንጦጦ ነው?»

«ኖርዌይ ነው ጋሼ።»

«ይሄን የመሰለ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ ዝም ብለው ያዩታል? ምእመን የለም?» አሉና፣ ነገሩ አናዷቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

መጀመሪያ የሰሙት ጫጫታ ብቻ ነበር። ጊታሮቹ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የሐምሌ ዝናብ ፋታ አይሰጡም። ቆይተው ግን፣ ዝናብ የለመደ ጆሮ ከዝናቡ ሥር ሌላ ድምፅ እንደሚለይ ሁሉ፣ ከጫጫታው ሥር ቀስ እያለ የሚነሳ ኦርጋን ሰሙ። ከኦርጋኑ ኋላ ደወል ሰሙ። አልበሙ እስኪያልቅ ከወንበሩ አልተነሱም።

«ችሎት ላይ የሚጮኸው ሁሉ የሚፈልገው ነገር አለው» አሉ በመጨረሻ። «ቀጠሮ ይላል፣ ይግባኝ ይላል። ይሄ ሰውዬ ምንም አይጠይቅም። ዝም ብሎ ይጮኻል።»

«አዎ ጋሼ!» ዮፍታሔ ሊያቅፋቸው ምንም አልቀረው።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፈቃደ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ እንደበሉ ወደ ሰርቪሷ ይሻገራሉ። በሩ ይዘጋል። ወይዘሮ የሻረግ ለጥቂት ሳምንታት ታገሡና አንድ ቀን ሳያንኳኩ ገቡ።

«ፈቃደ፣ በዚህ ዕድሜህ ጫት ጀመርክ?»

«ሙዚቃ ነው» አሉ ጋሽ ፈቃደ።

ወይዘሮ የሻረግ አማትበው ሊወጡ ሲሉ የሴት ድምፅ ገባ። ቀጭን፣ ከሩቅ የሚመጣ፣ የለቅሶ ቤት እንጉርጉሮ የሚመስል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ይቺ ልጅ ከዚህ ጯሂ ጋር ምን ታደርጋለች?»

«እትዬ፣ እሷ እንኳን የጫካው መንፈስ ናት» አለ ዮፍታሔ።

«ምን መንፈስ አመጣህብኝ! ሚስቱ ናት። እሱ ይጮኽባታል፣ እሷ ታባብለዋለች።»

«እሷ ላይ አይደለም የሚጮኸው» አሉ ጋሽ ፈቃደ። «ማስረጃ የለሽም።»

«ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ እንዴ ታዲያ?»

ዮፍታሔ ስለ ክረምትና ስለ ሞት የተጻፈውን ግጥም ሊተረጉምላቸው ቢሞክርም የሚሰማው አላገኘ። ክርክሩ እስከ መጨረሻው ዘፈን ዘለቀ። መጨረሻው ላይ ሰውዬው ጸጥ ይልና ሴትየዋ ብቻዋን ታዜማለች።

ወይዘሮ የሻረግ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አየህ፣ ዝም አላት። ሲጮኽ ይሻል ነበር። ቢያንስ ሰው እንዳለ ታውቃለች።»

ጋሽ ፈቃደ «እህ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

በማግስቱ ምሳ ቀረበ። ጋሽ ፈቃደ አንድ ጎርሰው አላመጡ፣ ዋጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ከሆዳቸው ሥር፣ ልክ እንደ ኖርዌዩ ሰውዬ፣

«ወጡ ጨው በዝቶበታል!» ብለው አገሡ።

ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ፤ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ወይዘሮ የሻረግ ማንኪያቸውን ይዘው ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ተመስገን! ስንት ጊዜ ሆነኝ ይሄን ጨው ስጨምር!»

«ሆን ብለሽ ነው?»

«አንድ ቀን እንኳ ይናገራል ብዬ! አንተ እኮ ድንጋይ ባቀርብልህ ይሁን ብለህ ትበላለህ!»

«ደም ግፊት አለብኝ እኮ!» አገሡ ጋሽ ፈቃደ፤ አሁን ግን ሳቅ ሳቅ እያላቸው።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዙሃራ ዘነዘና ይዘው፣ ዮፍታሔ በባዶ እግሩ፣ እኩል በር ላይ ደረሱ።

«ጋሽ ፈቃደ! ምን ሆኑ? ሌባ ነው?» አሉ ወይዘሮ ዙሃራ።

«ባሌ ነው» አሉ ወይዘሮ የሻረግ በኩራት። «ግቡ፣ ዙሃራ። አንተም ግባ፣ ቁጭ በል። ንገረኝማ፣ እነዚያ ልጆች ሌላ ካሴት አላቸው? ታረቁ ወይስ አልታረቁም?»

ዮፍታሔ ትንሽ አቅማማ። «ሁለተኛው አልበም ላይ… ሴትየዋ የለችም፣ እትዬ።»

«ሄደች! እኔ አላልኩም? ጥላው ሄደች!»

«አልሄደችም!» ጋሽ ፈቃደ ጠረጴዛውን መቱ። «ታማ ይሆናል! ወልዳ ይሆናል! ሳይጣራ አይፈረድም!»

ወይዘሮ ዙሃራ ዘነዘናውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አንዴ ባልን፣ አንዴ ሚስትን አዩ። «የማን ልጅ ናት?» አሉ ወደ ዮፍታሔ ጠጋ ብለው። «እዚሁ ልደታ ናት?»