ሁለት ውሻ የሚቀበል ቤት

እና ይሄኛው የኪራይ ቤት ደግሞ ነጭ ሶፋ አለው፣ ውሻ እንቀበላለን ብሎ ነጭ ሶፋ የሚዘረጋ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ወይ ውሻ አይቶ አያውቅም ወይ ከእንግዳ ጋር መጣላት ይወዳል፣ ቆይ ፎቶውን ላስፋው፣ አዎ ነጭ ነው፣ ትራሶቹም ነጭ፣ መስኮቱ ላይ ዛጎል በሳህን ተደርድሯል፣ ዛጎሉን ውሻዬ ፐርሲ ገና ሻንጣ ሳናወርድ ይቆረጥመዋል፣ ሌላኛው ውሻ ብስኩት ደግሞ ከባሕር ወጥቶ አንዴ ቢንከባለልበት የሶፋው ቀለም አለቀለት። ይለፈን። ቀጣይ።

ጓሮው ሙሉ በሙሉ የታጠረ ነው ይላል ይሄኛው፣ እስቲ ያደሩበት ሰዎች የጻፉትን ልይ፣ አሃ፣ ይኸው፣ የእኛ ሎላ በቁጥቋጦው ሾልካ ጎረቤት ዶሮ ቤት ውስጥ ተገኘች፣ ከዚያ በቀር ሳምንቱ ግሩም ነበር። ከዚያ በቀር! ስለ ዶሮዎቹ ማንም አንድ ቃል አልጻፈም። ይሄ ደግሞ አንድ ጨዋ ውሻ ብቻ። ይሄም አንድ። ይሄም አንድ ጨዋ ውሻ፣ ፎቅ የማይወጣ፣ አልጋ የማይነካ፣ የማይጮህ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ባል አጥቼ አይደል እንዴ ብቻዬን የቀረሁት። እኔ የምፈልገው ለሁለት ውሻ ነው። አንዱ ጨዋ፣ አንዱ ፐርሲ።

ፐርሲ ጠረጴዛው ሥር እግሬ ላይ ተኝቷል፣ እርጥብ ነው፣ ይሸታል፣ ስሙን ስጠራ አንድ ጆሮውን ብቻ አነሳ። ውጭ ኖቲንግሃም ሙሉ ዝናብ ነው። ቤቱን አንቺ ምረጪ አለኝ የብስኩት አባት ትናንት ጠዋት፣ ውሾቹን የምናናፍስበት ሜዳ በር ላይ ቆመን፣ እኔን ሳይሆን ውሾቹን እያየ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ኖርፎክ ብንወርድ ምን ይመስልሻል፣ ባሕሩ አጠገብ ቤት ተከራይተን፣ ውሾቹ ባሕር አይተው አያውቁም እኮ። ግንቦት ከገባ ውሻ አሸዋው ላይ መርገጥ ክልክል ነው፣ ስለዚህ ሚያዝያ መሆኑ ልክ ነው፣ አስቦበታል ማለት ነው፣ ሳያስብበት ሚያዝያ አይልም። እኔም እሺ፣ ለውሾቹ ጥሩ ነው፣ አልኩ። ፊቴ ግን ሞቀኝ፣ በዚያ ብርድ። ከዚያ ዞሬ ሄድኩ፣ እጄን እንኳ አላውለበለብኩም፣ ጅል።

እና ይሄን ሰው ስሙን አላውቀውም።

አንድ ዓመት አልፎናል። በየጠዋቱ፣ በጭቃም በበረዶም፣ ሜዳውን አብረን እንዞራለን፣ የደም ግፊቱን አውቃለሁ፣ የሚወደውን ኬክ አውቃለሁ፣ በትምህርት ቤት እያለ ስለጠላው የሂሳብ አስተማሪ ሁሉን አውቃለሁ፣ ስሙን ብቻ። ሜዳው ላይ ማንም የሰው ስም አይጠይቅም፣ የውሻ ስም ነው የሚጠየቀው፣ እሱ የብስኩት አባት ነው፣ እኔ የፐርሲ እናት፣ ያቺ ባለ ቀይ ቦት ጫማዋ የዱቼስ እናት፣ አለቀ። ስም መጠየቅ ካለብህ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ከዚያ ያለፈ እንደሆነ መጠየቁ ስድብ ነው፣ እስከዛሬ ማን መሆንህ ደንታም አልሰጠኝም ማለት ነው። ስልኬ ላይ ብስኩት ብዬ ነው የመዘገብኩት። ብስኩት መልእክት ይልካል፣ ዛሬ ኩሬው በኩል አትምጪ፣ ጭቃው ያሰጥማል። ልጄ ታምዚን ትናንት በስልክ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፣ እማ፣ ስሙን ከማታውቂው ሰው ጋር ነው ባሕር የምትወርጂው፣ ቢያርድሽስ፣ ለፖሊስ ምን ብዬ ላመልክት፣ ብስኩት የሚባል ሰው እናቴን ገደላት ልበል? የሚያርድ ሰው የውሻውን ቆሻሻ በፌስታል አይለቅምም አልኳት። እሺ ይሁን እማ፣ መኝታ ቤቱ ስንት ነው ግን? አለችኝ። ዘጋሁባት።

መኝታ ቤቱ ስንት ነው። ጉዳዩ እዚያ ላይ ነው።

ምክንያቱም ማርጎት የምትባል አለች። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለታምዚንም። በሕጉ ውሻ ሁሉ አንገቱ ላይ የባለቤቱን ስም መያዝ አለበት፣ እና በገና ሰሞን፣ እሱ አፍንጫውን እየተናፈጠ ሳለ፣ ብስኩትን የማሻሸው መስዬ ጎንበስ አልኩና ያቺን ክብ ብረት ገልበጥ አድርጌ አነበብኳት። የእሱን ስም ላገኝ ነበር፣ ሌላ አይደለም። ማርጎት ፓስክ ትላለች። እና አድራሻ። ቀና ስል ብስኩት ጆሮው ታሞ እንዳይሆን አልኩ፣ እሱም ደንግጦ የውሻውን ጆሮ መመርመር ጀመረ፣ ምስኪን።

ማርጎት ማን ናት? ሚስት ናት፣ ሌላ ማን ትሆናለች። ሞታ ነው? የሞተች ከሆነ አንዴ እንኳ ያነሳት ነበር፣ ሰው ሚስቱ ከሞተች ቢያንስ ስለ ቲማቲም አተካከሏ ያወራል። ፈታው? ቀለበት የለውም፣ ግን ቀለበት የማያደርግ ስንት አለ። ሱቅ ውስጥ አንድ ቀን ከጀርባው ቆሜ ቅርጫቱን አየሁት፣ አንድ የድንች ኬክ፣ አንድ ሙዝ፣ ትንሿ ወተት፣ ያ የብቸኛ ሰው ቅርጫት ነው፣ ወይስ እሷ ታማ የማትበላ ናት? አንገቱ ላይ ያለው ሻርፕ ደግሞ በእጅ የተሠራ ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ ጫፉ የተጣመመ፣ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ሻርፕ በገንዘብ አይገዛም፣ አንዲት ሴት ለፍታበታለች። ከሰዓት አይመጣም፣ ሁሌ ጠዋት ብቻ፣ ከሰዓት የት ነው? ከሰዓት የማን ነው?

ይሄን ሁሉ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ደስም ይለኛል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ዘመን ስለማንም እንዲህ ለማወቅ ጓጉቼ አላውቅም። ግን ኪትን አስታውሳለሁ። ኪት ባሌ፣ ለሥራ ብላክፑል ሄድኩ እያለ ሌላይቱን ይዟት ሲዞር፣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ሸሚዙን እተኩስ ነበር። በዚያኛው በኩል ነበርኩ፣ በምትጠብቀዋ በኩል። የማንንም ሸሚዝ ተኳሽ አላስለቅስም። ማርጎት ካለች፣ የትም አልሄድም፣ ብስኩት ባሕር ሳያይ ይኑር።

ይኸው ደግሞ፣ ቆይ፣ ይሄ ምንድን ነው።

የጡብ ግንብ አጥር፣ እውነተኛ ግንብ፣ ከፐርሲ ዝላይ በላይ። ወለሉ ሸክላ። ሶፋው ቡናማና ያረጀ፣ ውሻ እንደኖረበት የሚያስታውቅ። ከጓሮው በር እስከ አሸዋው ቀጭን መንገድ። ውጭ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ፣ ለአሸዋማ እግር ይላል፣ የባለ አራቱም የባለ ሁለቱም። ሁለት ውሻ እንኳን ደህና መጡ። አስተያየቶቹን ላንብ፣ አሮጊቷ ባለቤት ለውሾቻችን ጉበት ቀቅለው ጠበቁን፣ ለእኛ ምንም የለም። ሳቅሁ፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። እሺ መኝታ ቤት። አንድ። ፎቶው ይኸው፣ አልጋ፣ አንድ፣ ሰፊ፣ በሰማያዊ ብርድ ልብስ፣ መስኮቱ ውስጥ ባሕር። አንድ አልጋ። ሌላ ፎቶ ይኖር ይሆን፣ የሚታጠፍ አልጋ፣ ሶፋው ምናልባት፣ የለም። አንድ ነው።

ስልኩ ተጽፏል፣ ልደውል፣ ስለ ውሾቹ ብቻ ልጠይቅ፣ መጠየቅ አያስከፍልም።

ወይዘሮ አቲንግ ነኝ፣ ትላለች፣ ድምጿ ወፍራም፣ ሰማንያ ሳታልፍ አትቀርም፣ በይ ልጄ፣ ስለ ውሾቹ ንገሪኝ። ትነክሳላችሁ? ትላለች፣ ውሾቹን ማለቷ ነው፣ ፐርሲ እስካሁን ፖስተኛውን ብቻ ነው የነከሰው እላታለሁ፣ ፖስተኛ አይቆጠርም ትለኛለች። ከማን ጋር ይተኛሉ? ያንኮራፋሉ? ትልቁ ዋና ይችላል? ስማቸው ማነው፣ ጽፌ ነው የማስቀምጠው፣ በስማቸው ነው የምቀበላቸው። ብስኩትና ፐርሲ። ግሩም። አንቺስ? ጌይኖር ስተቢንስ። ሰውዬውስ?

ሰውዬው።

የብስኩት አባት ነው እላታለሁ። ከዚያ ሳል የመሰለ ሳቅ፣ አይ ልጄ፣ እኔም መንደሩን በሙሉ የማውቀው በውሻው ነው፣ አልጋ ላይ ግን እንደሱ ብለሽ ልትጠሪው ነው? በይ ጠይቂውና መልሰሽ ደውዪ፣ ሌላ ቤተሰብ ይፈልገዋል፣ ከሻይ በኋላ እንደውላለን ብለዋል፣ ልጆች አሏቸው፣ እኔ ውሻ ይሻለኛል፣ ግን ቃል ቃል ነው። ትዘጋለች።

ከሻይ በኋላ። አሁን ምሳ አልፏል። ጥሩ፣ ልደውልለት፣ ተደዋውለን አናውቅም፣ መልእክት ነው የምንላላከው፣ ስልክ ሲጠራ ውሻ የሞተ ይመስለዋል። ማርጎት ብታነሳውስ? ብታነሳው እዘጋለሁ፣ አለቀ፣ ያን ጊዜ ቢያንስ አውቄዋለሁ። ይጠራል። ይጠራል።

ጌይኖር፣ ደህና ነሽ? ፐርሲ ምን ሆነ?

ጌይኖር ይለኛል። ስሜን በአፉ ሰምቼው አላውቅም፣ ስሜን ከየት አመጣኸው እለዋለሁ፣ ሰላምታም የለ፣ ምንም የለ። ከፐርሲ አንገት ላይ ነዋ፣ ይላል፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጎንበስ ብዬ፣ ይቅርታ፣ የማሻሸው መስሎሽ ነበር።

እኔም እኮ አንብቤያለሁ እለዋለሁ፣ ድምፄ ይቀጥንብኛል፣ የብስኩትን አንብቤያለሁ፣ ማርጎት ማን ናት?

አሁን ይዘጋዋል። አይዘጋውም። ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ከጀርባው ሬዲዮ አለ፣ ያጠፋዋል። ልደውልልሽ ነበር ይላል፣ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን አንስቼ አስቀምጣለሁ፣ ፈራሁ። ማርጎት ከታች ያለችው ጎረቤቴ ናት፣ ብስኩት የእሷ ነው። ምን? የእሷ ነው፣ ዳሌዋ ተሰብሮ ስፔን ልጇ ዘንድ ሄደች፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ያዝልኝ አለችኝ፣ ሻርፕም ልካልኛለች ለውለታው፣ አይተሽው የለ፣ አስቀያሚውን። አይቼዋለሁ። ለገና ተመለሰች፣ አሁን ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች፣ እሁድ ትወስደዋለች። ለኖርፎክ እንኳ አውሺኝ ብዬ ዛሬ ጠዋት ለመንኳት፣ እምቢ አለች፣ ከውሻዬ አንድ ቀን አልለይም አለች፣ ትክክል ናት፣ ውሻዋ ነው።

ሁለት ሳምንት ያልከው ዓመት እንዴት ሆነ፣ እለዋለሁ፣ ለምን ልጇ ወይ ዘመድ አልወሰደውም?

ሊወስዱት ፈልገው ነበር ይላል። ልጇ በወር በወር ይደውላል፣ ለውሻ ማደሪያ እንስጠው፣ አትቸገር፣ ይለኛል፣ እኔ ምንም ችግር የለም እላለሁ። ጌይኖር፣ እኔ ውሻ አልወድም። ልጅ ሆኜ ነክሶኛል፣ ብስኩት ራሱ የመጀመሪያው ማታ ሲያዛጋ አልጋ ላይ ወጥቼ ቆሜያለሁ። በማግስቱ ወደ ማደሪያው ልወስደው ነበር፣ በሜዳው በኩል ሳቋርጥ አንቺ ኩሬው ውስጥ እስከ ጉልበትሽ ገብተሽ ፐርሲን በጅራቱ እየጎተትሽ ትሳደቢያለሽ፣ እንደዚያ የሚሳደብ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ በማግስቱም መጣሁ።

በማግስቱም መጣ። በበረዶው ጊዜ መጣ፣ አፍንጫው ሰማያዊ ሆኖ መጣ፣ በጉንፋን ትኩሳት ይዞት መጣ፣ እኔ ደግሞ አይ ይሄ ሰው ውሻ ሲወድ እል ነበር። ስምህ ማነው እለዋለሁ። ሮድኒ ይላል፣ ሮድኒ ፍሊንት፣ ሚስት ነበረችኝ፣ ሊቨርፑል ናት፣ አዲስ ባል አላት፣ ከሰዓት ከሰዓት የአውቶቡስ ጋራዥ ትርፍ ሰዓት እሠራለሁ፣ ሌላ ምን ልንገርሽ? ሮድኒ። ግራሃም ነው ብዬ ነበር። ወይ ፒተር። ሮድኒ ፊቱ ላይ ልክ ይመጣል፣ እንዴት አላየሁትም።

ቤቱን አግኝቻለሁ እለዋለሁ። ይሉኝታ ከያዘኝ አልናገረውም፣ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ፣ ግንብ አጥር አለው፣ ባሕሩ በመስኮት ይታያል፣ መኝታ ቤቱ አንድ ነው፣ አልጋውም አንድ ነው።

ፐርሲ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ፊቴ እሳት ሆኗል፣ አሁን ይቅርታ ይጠይቃል፣ አሁን ሳምንቱ አይመቸኝም ይላል።

ደረጃ አለው? ይላል። ምን? ደረጃ፣ ጉልበቴ። የለውም፣ ምድር ቤት ነው። እንግዲያው ያዥው ይላል፣ እና ያስላል፣ እና እኔ ደስ ብሎኛል፣ ምን ልበል፣ እንደ ልጅ ደስ ብሎኛል፣ ለወይዘሮ አቲንግ ልደውል፣ ልዝጋው፣ ሳይመሽ፣ ሌሎቹ ሳይቀድሙን።

ቆይ ይላል፣ አትዝጊው። ሰኞስ? ሰኞ ጠዋት እኔ ውሻ የለኝም። ውሻ የሌለው ወንድ በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ ብቻውን ሲቆም አይተሽ ታውቂያለሽ? የዱቼስ እናት ፖሊስ ትጠራብኛለች፣ ውሻህስ የት አለ ቢሉኝ ምን እላለሁ?

ከጌይኖር ጋር ነኝ በላቸው።

ጌይኖር ማን ናት ይሉኛል እኮ፣ ይላል፣ እየሳቀ፣ እኔም እየሳቅሁ፣ ዓይኔን በእጄ ጀርባ እየጠረግሁ። ያን ጊዜ በጣትህ ታሳያቸዋለህ፣ እለዋለሁ፣ አጠገብህ ነኝ።